የሚፈልሰውና የሚቀረው ትራውት፦ የወንዝ ሁኔታን ከዓሣ ሕይወት ጋር የሚያገናኝ ሞዴል አሠራር

ቀስተ ደመና ትራውት የሚባለው ዓሣ ሁለት ዓይነት ኑሮ አለው። አንዱ በተፈለፈለበት ወንዝ አድጎ፣ እዚያው ተራብቶ፣ እዚያው ይሞታል። ሌላው ከአንድ እስከ አራት ዓመት፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ወንዝ ውስጥ ቆይቶ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ባሕር ላይ ገዝፎ ለመራባት ወደ ወንዙ ይመለሳል። ይህን ተጓዥ በሰሜን አሜሪካ ስቲልሄድ ይሉታል። ዝርያቸው ግን አንድ ነው። ከአንድ እናት እንቁላል ከወጡት መካከል አንዱ ሄዶ ሌላው ሊቀር ይችላል።

ይህ መመሪያ በሐዋሳ ዓሣ ሀብት፣ ሥነ ምህዳር ወይም የውኃ ሀብት ለሚያጠኑና ሞዴል ለመሥራት ለሚፈልጉ የተጻፈ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ኤክሴል የሚከፍት ኮምፒውተርና ትዕግሥት ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ትራውት የለም፤ ውኃው ለእሱ ይሞቅበታል። በአገራችን ትራውት ያለው በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች፣ በዌብና በዳንካ ባሉት ነው፤ እሱም ከኬንያ የመጣ እንጂ የአገሩ ዓሣ አይደለም። ታዲያ ለምን ትራውት? በዓለም ላይ እድገቱ፣ ሞቱና ጉዞው እንደ ትራውትና ዘመዶቹ ተደጋግሞ የተለካ ተጓዥ ዓሣ ጥቂት ነው። አሠራሩን በእሱ ከተማራችሁ፣ በክረምት ከጣና ሐይቅ ወደ ጉማራ ወንዝ ለመራባት የሚወጡትን የባርበስ ዓሦች ወደ መሰለ ጥያቄ መሻገር ትችላላችሁ።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልበል። ብዙ ጀማሪ ሞዴል ሠሪ «ከታዳጊዎቹ 30 በመቶ ይፈልሳሉ» የሚል ቁጥር አንድ ሳጥን ውስጥ ይጽፍና ሌላውን ስሌት በዚያ ላይ ይገነባል። እንዲህ ያለው ሞዴል ውኃው ሲሞቅም፣ ወንዙ ሲቀንስም፣ ግድብ ሲሠራም ያንኑ 30 በመቶ ይመልሳል። ልናውቀው የፈለግነው ግን ያ ቁጥር ራሱ እንዴት እንደሚለወጥ ነው። ስለዚህ የፍልሰቱን መጠን በእጃችሁ አትጻፉ። የወንዙ ሁኔታ እድገትንና ሞትን ይወስን፣ እድገትና ሞት ደግሞ ውሳኔውን ይውለዱ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ መስመር ጻፉ

«ትራውትን ሞዴል ማድረግ» ጥያቄ አይደለም። «የበጋው ውኃ በ2 ዲግሪ ቢሞቅ ከሴት ታዳጊዎች ስንቱ ወደ ባሕር ይወርዳሉ? ከ30 ዓመት በኋላስ ስንት ወላጅ ዓሦች ይመለሳሉ?» ጥያቄ ነው። ምን እንደሚለወጥ፣ ምን እንደሚቆጠርና የጊዜው ርዝመት በውስጡ አሉ። መስመሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ለጥፉት። ወደ ሞዴሉ ልትጨምሩት የምታስቡት ነገር ሁሉ ይህን መስመር ለመመለስ የማይረዳ ከሆነ ተዉት።

ደረጃ 2፦ ሕይወቱን ክፈሉ

እንቁላል፤ ከጠጠር የወጣ ጫጩት፤ ታዳጊ፤ ወደ ባሕር የሚወርድ ተጓዥ፤ ባሕር ላይ ያለ ዓሣ፤ ተመልሶ የሚራባ ወላጅ፤ ወንዙን ሳይለቅ የሚራባ ነዋሪ ወላጅ። ሰባቱ ይበቃሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩትን መንገዶች በቀስት ሳሉ። ከታዳጊ ሦስት ቀስት መውጣት አለበት፦ ሂድ፣ ቀርተህ ተራባ፣ አንድ ዓመት ጠብቅ። ሦስተኛውን ቀስት የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ያለ እሱ ግን አንዳንዶቹ በአንድ ዓመት፣ አንዳንዶቹ በሦስት ዓመት የሚወርዱበትን ምክንያት ሞዴሉ ማሳየት አይችልም። አብዛኞቹ የፓሲፊክ ሳልሞኖች አንዴ ተራብተው ይሞታሉ፤ ስቲልሄድ ግን የግድ አይሞትም፤ ስለዚህ ከወላጅ ወደ ባሕር የሚመለስ ቀጭን ቀስትም ጨምሩ።

ደረጃ 3፦ ወንዙን ወደ ቁጥር ለውጡ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው፤ ጊዜያችሁን አትቆጥቡበት። ዓሣው የሚኖረው በአማካይ ወንዝ ውስጥ ሳይሆን በአንድ በተወሰነ ጉድጓድ፣ ከአንድ ድንጋይ ሥር፣ በአንድ ጥላ ውስጥ ነው። ወንዙን ቢያንስ በሦስት ክፍል ክፈሉት፦ ላይኛው ቀዝቃዛ ጅረት፣ መካከለኛው ወንዝ፣ ወደ ባሕር የሚቀርበው አፍ። በካሊፎርኒያ ስኮት ክሪክ በተባለ ትንሽ ወንዝ የተደረገ ጥናት የዚህን ጥቅም ያሳያል። የወንዙ አፍ በበጋ በአሸዋ ተዘግቶ ኩሬ በሚሆንበት ጊዜ እዚያ ያደጉት ታዳጊዎች ከሁሉም ጥቂቶቹ ናቸው፤ ከባሕር ከተመለሱት ወላጆች ግን እጅግ የሚበዙት እዚያ ያደጉት ሆነው ተገኙ። ወንዙን በአንድ አማካይ ቁጥር ያጠቃለለ ሞዴል ያን ኩሬ ፈጽሞ አያየውም።

ለእያንዳንዱ ክፍል በየቀኑ አራት ነገር ያስፈልጋችኋል፦ ሙቀት፣ ፍሰት፣ ምግብና መሸሸጊያ።

ሙቀትን በየሰዓቱ የሚመዘግብ ትንሽ መለኪያ ካላችሁ በተበሳ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ ጥላ ቦታ እሰሩት፤ ፀሐይ በቀጥታ ከመታው የውኃውን ሳይሆን የራሱን ሙቀት ይነግራችኋል። ተራ ቴርሞሜትር ብቻ ካላችሁ ከንጋቱ 12 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ለኩ። ሁለቱንም መዝግቡ እንጂ አማካዩን ብቻ አትያዙ፤ እድገትን አማካዩ በደንብ ይገልጸዋል፣ የሚገድለው ግን የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ነው። ቀስተ ደመና ትራውት 25 ወይም 26 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይሞታል።

ፍሰትን መለካት ለመለማመድ ሐዋሳ ላይ ጥቁር ውኃ ወንዝ አለላችሁ፤ ከጨለለቃ ረግረግ ወጥቶ ወደ ሐይቁ የሚገባ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ወንዝ ነው። ቀጥ ያለ ቦታ ምረጡና ዳርቻውን 10 ሜትር በገመድ ለኩ። ከላይኛው ጫፍ ብርቱካን ጣሉና ታችኛው ጫፍ እስኪደርስ ሰከንዱን ቁጠሩ። ብርቱካን አብዛኛው አካሉ ከውኃ በታች ስለሚሆን ነፋስ ብዙም አይገፋውም። ብዙ ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ያዙ። 25 ሰከንድ ከፈጀ የላዩ ፍጥነት በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው። ከሥር ያለው ውኃ በዝግታ ስለሚሄድ በ0.85 አባዙት፤ 0.34 ይሆናል። ወንዙ 6 ሜትር ስፋትና 0.5 ሜትር አማካይ ጥልቀት ካለው ፍሰቱ 6 × 0.5 × 0.34፣ ማለትም በሰከንድ 1.02 ሜትር ኩብ ነው። አደራ፣ ወደ ሐይቁ አፍ አትጠጉ፤ ጉማሬ አለ። ጠዋት በጣም ማልዳችሁ ወይም ሲመሽ ወንዙ ውስጥ አትግቡ፤ ብቻችሁንም አትሂዱ። የአካባቢውን ዓሣ አጥማጅ «ወንድሜ፣ ዛሬ የት ወጥቷል?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም መሣሪያ ይቀድማል።

የኦክስጅን መረጃ የምትጠቀሙ ከሆነ ከፍታውን አርሙ። በባሕር ጠለል ከፍታ 10 ዲግሪ የሆነ ውኃ ሲጠግብ በሊትር ወደ 11.3 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ ወደ 9.1 ይወርዳል። በባሌ 3000 ሜትር አካባቢ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ያህል ስለሆነ እነዚህ ቁጥሮች ወደ 7.9 እና 6.4 ይወርዳሉ። ከካሊፎርኒያ ወይም ከኦሪገን የተወሰደ ሠንጠረዥ ሳይታረም ለባሌ ወንዝ ቢሰጥ ሞዴሉ ዓሣውን የሌለ አየር ያስተነፍሰዋል።

ምግብን መለካት ከሁሉም ይከብዳል። በቀጥታ ካልለካችሁት ከ0 እስከ 1 የሆነ ድርሻ ስጡትና ግምት መሆኑን በግልጽ ጻፉ። መሸሸጊያንም እንደዚያው፦ ድንጋይ፣ የወደቀ ግንድና የዳር ሥር የሸፈነውን የወለል ድርሻ በዓይን ገምታችሁ መዝግቡ።

ደረጃ 4፦ እድገትን አስሉ

ለመጀመሪያ ሞዴል ይህ ይበቃል፦

የቀን እድገት = ከፍተኛ እድገት × የሙቀት ድርሻ × የምግብ ድርሻ

የሙቀት ድርሻውን ሦስት ማዕዘን አድርጉት፦ በ4 ዲግሪ ዜሮ፣ በ16 ዲግሪ አንድ፣ በ24 ዲግሪ እንደገና ዜሮ። ቁጥሮቹ ለልምምድ የተጠጋጉ ናቸው፤ ቅርጹ ግን የእውነተኛ ዓሣ ቅርጽ ነው፤ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ፈጥኖ ይወድቃል። ከፍተኛ እድገቱ በቀን 0.6 ሚሊ ሜትር፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ፣ ምግቡ 0.7 ከሆነ የቀኑ እድገት 0.6 × 0.5 × 0.7 = 0.21 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ200 ቀን 42 ሚሊ ሜትር።

አሁን ሁለት ወንዞችን አወዳድሩ። አንዱ 10 ዲግሪ፣ ሌላው 20 ዲግሪ ነው። በሦስት ማዕዘኑ ላይ ሁለቱም 0.5 ያገኛሉ፤ ታዳጊዎቹ እኩል ያድጋሉ። ሁለቱንም በ2 ዲግሪ አሙቁ። ቀዝቃዛው 12 ሆኖ ድርሻው ወደ 0.67 ይወጣል፤ ሞቃቱ 22 ሆኖ ወደ 0.25 ይወርዳል። አንድ ዓይነት ሙቀት አንዱን ወንዝ በሢሶ ሲያሻሽል የሌላውን እድገት በግማሽ ይቆርጣል። ስለዚህ «ሙቀት ሲጨምር ፍልሰት ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» ለሚለው ጥያቄ ወንዙን ሳትጠሩ መልስ አትስጡ።

ሞዴሉ እዚህ ድረስ ከሠራላችሁ አንድ ማሻሻያ ጨምሩበት፤ ምግብ ሲያንስ ዓሣው በደንብ የሚያድግበት ሙቀት ዝቅ ይላል። በሞቀ ውኃ ሰውነቱ ብዙ ያቃጥላል፤ የሚተካው ካላገኘ ይከሳል። የሦስት ማዕዘኑን ጫፍ ከምግብ ድርሻው ጋር ወደ ግራ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ትችላላችሁ።

እንቁላሉ የሚቆጠረው በዲግሪ-ቀን ነው። የየቀኑን ሙቀት ደምሩ፤ ድምሩ ወደ 300 ሲጠጋ የቀስተ ደመና ትራውት እንቁላል ይፈለፈላል። በ10 ዲግሪ ውኃ ይህ አንድ ወር ገደማ ነው። ጫጩቱ ቀድሞ የወጣበት ወንዝ ረዥም የእድገት ጊዜ ያገኛል፤ ይህም በኋላ ውሳኔውን ይነካል።

ደረጃ 5፦ ሞትና መጨናነቅ

ለእያንዳንዱ ክፍልና ለእያንዳንዱ ወቅት የመትረፍ ዕድል ስጡ። ከፍተኛው ሙቀት ከ24 ሲያልፍ፣ ፍሰቱ ሲቀንስ፣ መሸሸጊያው ሲጠፋ ዕድሉ ይውረድ። ጎርፍ ደግሞ ጠጠር ውስጥ ያለውን እንቁላል ይጠርገዋል፤ ታዳጊውን ግን እምብዛም አይጎዳውም፤ ስለዚህ ለሁለቱ የተለያየ ደንብ ጻፉ።

መጨናነቅን ለማስገባት ቀላሉ መንገድ የቤቨርተንና ሆልት ቀመር ነው፦

የሚተርፉ ጫጩቶች = (እንቁላል × የመትረፍ ድርሻ) ÷ (1 + እንቁላል × የመትረፍ ድርሻ ÷ የቦታው አቅም)

ድርሻው 0.1፣ አቅሙ 500 ይሁን። 10000 እንቁላል 333 ጫጩት ይሰጣል። 20000 እንቁላል 400፣ 40000 እንቁላል 444። እንቁላሉ አራት እጥፍ ሲሆን ጫጩቱ የጨመረው በሢሶ ብቻ ነው። ወላጆችን መጨመር የማይፈታው፣ ቦታን ማስፋት ግን የሚፈታው ችግር ምን እንደሚመስል እዚህ ላይ ይታያል።

መጨናነቁ ሞትን ብቻ ሳይሆን የምግብ ድርሻውንም ይንካ። በአንድ ክፍል ያሉት ታዳጊዎች ሲበዙ የእያንዳንዱ ምግብ ያንሳል፤ እድገት ይቀንሳል፤ የሚፈልሰውም ይለወጣል። ይህ መልሶ የሚዞር ክር ከሌለ ሞዴሉ ግማሽ ነው።

ደረጃ 6፦ ውሳኔው

ዓሣው አያሰላም። ነገር ግን ለብዙ ሺህ ትውልድ በተሳሳተ ጊዜ የወረደው ሞቷል፤ በተሳሳተ ጊዜ የቀረውም ጥቂት ልጅ ትቷል። ስለዚህ የዛሬው ዓሣ ብዙ ልጅ ወደሚያስገኝለት መንገድ እንደሚያደላ አድርገን ብናሰላ ከእውነቱ አንርቅም። ለእያንዳንዷ ሴት ታዳጊ የሦስቱን መንገድ ዋጋ በሚጠበቀው የእንቁላል ብዛት ለኩ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለልምምድ ናቸው።

የመሄድ ዋጋ፦ ከባሕር የመመለስ ዕድል × 5000 እንቁላል × ወንዙን ወደ ላይ አቋርጦ የመድረስ ዕድል 0.8። የመመለስ ዕድሉ በወረደችበት ርዝመት ይወሰናል፤ ከ15 ሴንቲ ሜትር በታች ሆነው ከሚወርዱት የሚመለሱት ጥቂት ናቸው። ቀመሩ፦ 0.16 ÷ (1 + ኤክስፖነንሻል((17 − ርዝመት) ÷ 1.5))፤ ኤክስፖነንሻል ኤክሴል ላይ EXP የሚባለው ነው።

የመቅረት ዋጋ፦ ለመጀመሪያው መራቢያ የመድረስ ዕድል 0.4፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 0.35፤ የሦስት መራቢያ እንቁላል ድምር።

14 ሴንቲ ሜትር የሆነችውን ውሰዱ። የመመለስ ዕድሏ 0.019 ገደማ ነው፤ የመሄድ ዋጋዋ 76። ብትቀር 400፣ 600 እና 800 እንቁላል ትጥላለች እንበል፦ 0.4 × (400 + 0.35 × 600 + 0.35 × 0.35 × 800) = 283። ትቅር።

17 ሴንቲ ሜትር የሆነችው፦ መሄድ 0.08 × 5000 × 0.8 = 320። ብትቀር እንቁላሏ 500፣ 700 እና 850 ነው፤ ድምሩ 340። ሁለቱ ሊስተካከሉ ተቃርበዋል። እንዲህ ባለው ወንዝ አንዷ ስትሄድ እኅቷ ብትቀር አትደነቁ።

20 ሴንቲ ሜትር የሆነችው፦ መሄድ 564፤ መቅረት፣ በ600፣ በ800 እና በ900 እንቁላል፣ 396። ትሂድ።

አሁን የመጠበቅን መንገድ ጨምሩ። የ14 ሴንቲ ሜትሯ ሳትራባ አንድ ዓመት ብትጠብቅና 22 ሴንቲ ሜትር ብትደርስ የመሄድ ዋጋዋ 618 ይሆናል፤ ያንን ዓመት የማለፍ ዕድሏ 0.4 ስለሆነ ዛሬ ላይ 247 ያወጣል። ከ283 ያንሳል፤ ስለዚህ አሁንም ቀርታ መራባት ይሻላታል። ነገር ግን የበጋው ውኃ አንሶ የትልልቆቹ ነዋሪዎች ዓመታዊ መትረፍ ከ0.35 ወደ 0.2 ቢወርድ የመቅረት ዋጋ 0.4 × (400 + 120 + 32) = 221 ይሆናል። አሁን 247 ይበልጣል፤ ያችው ዓሣ ጠብቃ ትሄዳለች። ባሕሩ አልተለወጠም፣ የታዳጊዋም እድገት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ለአዋቂ ዓሣ የሚሆን ጥልቅ ጉድጓድ መኖር አለመኖሩ ነው። ፍልሰት ስለ ባሕር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ስሌት በእጁ ቢሠራው ደስ ይለኛል።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ውሳኔው ከጉዞው ወራት ቀድሞ ይደረጋል፤ በሞዴሉ ውስጥ የውሳኔ ቀን ወስኑና በዚያ ቀን ያለውን ርዝመትና የቅርብ ጊዜ እድገት ተጠቀሙ። ሁለተኛ፣ የወንዶቹ ሒሳብ ይለያል። ሴቷ በገዘፈች ቁጥር እንቁላሏ ስለሚበዛ ከባሕር ብዙ ታተርፋለች፤ ትንሽ ወንድ ግን ወንዙ ውስጥ ቀርቶ ተደብቆ ሊያዳቅል ይችላል። በብዙ ወንዞች ከሚፈልሱት የሚበዙት ሴቶች የሆኑት ለዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ውርስም አለበት፤ በቀስተ ደመና ትራውት አምስተኛ ክሮሞሶም ላይ ከፍልሰት ጋር የተያያዘ ክፍል ተገኝቷል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዓሣ ከወላጆቹ የሚወርሰው፣ ከሌላው ጥቂት የሚለይ የራሱ መነሻ ርዝመት፣ ማለትም እዚያ ሲደርስ ወደ መሄድ የሚያደላበትን ርዝመት ስጡት። ሁኔታው ይወስናል፤ ውርሱ ሚዛኑን ወዲህ ወይም ወዲያ ያዘነብላል።

ደረጃ 7፦ ዓመታቱን አዙሩ

ኤክሴል ላይ ሦስት ገጽ ክፈቱ፦ ሁኔታ፣ ዓሦች፣ ውጤት። በመጀመሪያው የየቀኑ ሙቀትና ፍሰት፤ በሁለተኛው ለእያንዳንዱ ዓሣ አንድ ረድፍ፣ ማለትም ፆታ፣ ዕድሜ፣ ርዝመት፣ ያለበት ክፍል፣ መነሻ ርዝመት፤ በሦስተኛው የየዓመቱ ድምር ይቀመጥ። ሞትን በዘፈቀደ ቁጥር አስወስኑ፦ ከ0 እስከ 1 የወጣው ቁጥር ከመትረፍ ዕድሉ ከበለጠ ዓሣው ይሞታል። ዘፈቀደ ስላለበት አንድ ሩጫ ምንም አይነግራችሁም፤ ቢያንስ 100 ጊዜ አስሩጡና መካከለኛውንና ስርጭቱን ያዙ።

ጥቂት ሺህ ዓሣ ሲሆን ኤክሴል ይደክማል። ያን ጊዜ በነፃ ወደሚገኙት አር ወይም ኔትሎጎ ወደተባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ተሻገሩ። ለትራውት በዚህ መንገድ የተሠራው ኢንስትሪም የተባለ ሞዴልም በኔትሎጎ ይገኛል፤ ግን የራሳችሁን ትንሽ ሞዴል ከሠራችሁ በኋላ ክፈቱት፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ መስመር ለምን እንደተጻፈ ይገባችኋል። የዓሦቹን የግል ታሪክ ካልፈለጋችሁና የሕዝቡ ብዛት ብቻ ከበቃችሁ ሌስሊ የተባለ ተመራማሪ በ1945 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የዕድሜ ሠንጠረዥ ይቀላል፣ ይፈጥናልም። ውሳኔውን ግን ከደረጃ 6 አስልታችሁ ወደ ሠንጠረዡ ማስገባት አለባችሁ።

ደረጃ 8፦ ሞዴሉን በሚታወቀው ዓለም ፈትኑት

የወደፊቱን ከመጠየቃችሁ በፊት የታወቀውን ጠይቁት። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምሰጠው ፈተና የባሌ ነው። የዌብ ወንዝ ወደ ቆላ ሲወርድ ውኃው ለትራውት የማይቻል እየሆነ ይሄዳል፤ ዓሣው በሕይወት ወደ ባሕር የሚደርስበት መንገድ የለውም። ሞዴሉ ውስጥ የመውረድ ዕድሉን ዜሮ አድርጉ። ሁሉም ዓሣ መቅረት አለበት። አንድ እንኳ ከወረደ ቀመር ተሳስታችኋል።

ሁለተኛው የአርጀንቲና ነው። በደቡባዊው ፓታጎንያ ሳንታ ክሩዝ ወንዝ ውስጥ ከውጭ የገባ ቀስተ ደመና ትራውት ወደ አትላንቲክ የሚወርድ ክፍል አውጥቷል፤ ነዋሪዎቹና ተጓዦቹ በዘር አንድ ሕዝብ ሆነው ተገኝተዋል። ነዋሪ ዓሦችን ብቻ አስገቡ፣ የባሕሩን መንገድ ክፈቱ፤ ተጓዥ መውጣት አለበት።

ሦስተኛው የኤልዋ ወንዝ ነው፣ ዋሽንግተን ግዛት። ሁለት ግድቦች የላይኛውን ወንዝ ወደ አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ዘግተው ከቆዩ በኋላ ከ2011 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ተነሡ፤ ስቲልሄዶችም ወደ ላይኛው ወንዝ ተመለሱ። ሞዴሉን ለ100 ዓመት ዝጉና ክፈቱት። ተጓዥ ኑሮ ፈጽሞ የማይመለስ ከሆነ በደረጃ 6 የሰጣችሁት የመነሻ ርዝመት ልዩነት በጣም ጠባብ ነው ማለት ነው።

ከዚያ እያንዳንዱን ቁጥር በ10 በመቶ ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚናወጥ መዝግቡ። ውጤቱን በብዙ የሚያናውጠው ቁጥር በሚቀጥለው የመስክ ሥራ የምትለኩት እሱ ነው። ያልተለካ ቁጥር ሲኖር በምሥጢር ማስተካከል ያጓጓል፤ ሞዴሉን ከታወቀው ጋር ለማስማማት የለወጣችሁትን ሁሉ ጻፉ።

ደረጃ 9፦ ወደ እኛ ውኃ ስትሻገሩ

ለባርበስ ወይም ለሌላ የአገር ውስጥ ዓሣ ሞዴል ስትሠሩ አወቃቀሩ ይተላለፋል፤ ቁጥሮቹ አይተላለፉም። የሙቀቱ ሦስት ማዕዘን ወደ ቀኝ ይሄዳል። ባሕር በሐይቅ ይተካል። የጉዞው ጥሪ የፀደይ ሙቀት መሆኑ ይቀርና የክረምቱ ጎርፍ ይሆናል፤ የጣና ባርበሶች ወደ ወንዞቹ የሚወጡት በዝናቡ ወራት ነው። የሚፈልሰውም ታዳጊው ሳይሆን ለመራባት የደረሰው ዓሣ ነው፤ ስለዚህ የደረጃ 2ን ቀስቶች እንደገና ሳሉ። በደረጃ 5 የጎርፍ ደንብም ይለወጣል፤ ጎርፉ አሁን መንገድ ከፋች ነው፤ የመስኖ ውኃ መጥለፍና ከወንዙ አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብ ደግሞ በስቲልሄድ ሞዴል ውስጥ ግድቡ የያዘውን ቦታ ይይዛሉ።

የርዝመትና የእንቁላል ግንኙነትን ለማግኘት ሐዋሳ ላይ አሞራ ገደል ይበቃችኋል። ዓሣው እዚያው ይወጣል፣ እዚያው ይከፈታል፤ የእንቁላሉ ከረጢት ብዙ ጊዜ ይጣላል። ጠዋት ሂዱ፤ ሥራቸውን ሳታስተጓጉሉ አስፈቅዱ፤ የምትፈልጉትን በአማርኛም በሲዳምኛም ለሚሰማችሁ ሰው ቀድማችሁ አስረዱ። ዓሣው ከመከፈቱ በፊት ርዝመቱን በመለኪያ ሰሌዳ ያዙ፤ ከረጢቱን በሚዛን መዝኑ፤ ከውስጡ 1 ግራም ወስዳችሁ እንቁላሉን ቁጠሩና በጠቅላላው ክብደት አባዙ። ሥጋ የሚያወጡት እናቶችና ወጣቶች የትኛው ወር ላይ የትኛው ዓሣ እንቁላል እንደሚሞላ ያውቃሉ፤ የሚነግሯችሁን ወር ከመለኪያችሁ ጋር አንድ ላይ መዝግቡ። መረጃውን ስትጨርሱ ውጤቱን ይዛችሁ ተመለሱና አሳዩአቸው።

ፋይሉን ስታስቀምጡ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን አንድ ዓምድ ክፈቱ፦ የተለካ፣ ከሌላ ወንዝ የተወሰደ፣ ወይም የተገመተ። ከሌላ ወንዝ የተወሰደውን የትኛው ወንዝ፣ ስንት ዲግሪና ስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደሆነ ጨምሩ። ከእናንተ በኋላ ሞዴሉን የሚረከበው ተማሪ ከዚህ ዓምድ ይጀምራል።